ሳቅ በለቅሶ ቤት

ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሚቀልድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ቀልዱ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ሰሚ አያገኝም። ድንገት ሳቅ ያመለጠው ቢኖር እንኳ ወዲያው አፉን በጋቢው ሸፍኖ ያቀረቅራል። ያው ቀልድ ሠርግ ቤት ቢነገር ኖሮ ቤቱ በሳቅ በደመቀ ነበር። ጥፋቱ እንግዲህ የቀልዱ ሳይሆን የቦታው ነው። የሚያቀራ ሰው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ መቆም በማይገባው ቃል ላይ የቆመ አንባቢ አንድም ፊደል ሳይሳሳት ትርጉሙን ሊገለብጠው ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ፊልም እንደዚያ ቀልደኛ ያለ ነው። «ዘ ሎን ሬንጀር» ይባላል፤ ትርጉሙ «ብቸኛው ሬንጀር» ማለት ሲሆን ሬንጀር የሚባሉት የቴክሳስ ግዛት ታጣቂ ሕግ አስከባሪዎች ናቸው። ፊልሙ በዲዝኒ ኩባንያ ተሠርቶ ጁላይ 3 ቀን 2013 በአሜሪካ ለሕዝብ ቀረበ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሩጫና ተኩስ፣ ቀልድና የካውቦይ ታሪክ በአንድ ላይ የተደባለቁበት፣ 2 ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ሥራ ነው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በኪሣራው ነው፤ ስለ ኪሣራውም ብዙ ተጽፏል። የእኛ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ፣ ይህን ያህል ባለሙያና ይህን ያህል ድካም የፈሰሰበት ሥራ ስለምን ልብ ሳይነካ ቀረ? እንዲህ ያለው ፊልም በቤታችን ቴሌቪዥን ሲመጣ ልጆቻችን ከሳቁ ጋር ምን አብረው ይውጣሉ?

ጭምብል ለባሹ ከየት መጣ?

ሎን ሬንጀር የተባለው ጭምብል ለባሽ ፈረሰኛ የተወለደው በሬዲዮ ነው። በ1933 በዲትሮይት ከተማ ከሚገኝ አንድ ጣቢያ መተላለፍ ጀመረ። ቀጥሎም ከ1949 እስከ 1957 በቴሌቪዥን ታየ። ጥቁር ጭምብሉ፣ ከብር የተሠራው ጥይቱና ሲልቨር የተባለው ነጭ ፈረሱ በአሜሪካ ልጆች ዘንድ የታወቁ ነበሩ። ከጎኑ የማይለየው ጓደኛው ደግሞ ቶንቶ ይባላል። ቶንቶ በተለምዶ «ቀይ ሕንዶች» ከምንላቸው የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ወገን ነው።

በቴሌቪዥኑ ድራማ ቶንቶን የተጫወተው ጄይ ሲልቨርሂልስ በካናዳ የተወለደ የሞሆክ ተወላጅ ነበር። ችሎታ ያለው ሰው ሆኖ ሳለ የተሰጠው ቦታ ግን ጠባብ ነበር፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛ እየተናገረ ነጩን ጀግና ከኋላ የሚከተል ሎሌ መሰል ሰው እንዲሆን ተደረገ። ስሙም ቢሆን ክብር የለውም፤ «ቶንቶ» በስፓኒሽ ቋንቋ «ጅል» ማለት ነው። ሲልቨርሂልስ በኋላ በ1960ዎቹ ከነባር ሕዝቦች ለሚወጡ ተዋንያን ማሠልጠኛ በማቋቋም ደክሟል። ከእርሱ በኋላ የሚመጡት የተሻለ ቦታ እንዲያገኙ መድከሙ ራሱ ብዙ ይናገራል።

የ2013ቱ ፊልም ሠሪዎች ይህን ለማቃናት ተነሡ። ቶንቶን የተጫወተው ዝነኛው ጆኒ ዴፕ ነው፤ ቶንቶን ከሎሌነት ማውጣት እንደሚፈልግም በይፋ ተናግሯል። ዳይሬክተሩ ጎር ቨርቢንስኪ፣ ዋና አዘጋጁ ደግሞ ጄሪ ብሩክሃይመር ነበሩ። ሦስቱ ሰዎች ቀደም ሲል «ፓይሬትስ ኦቭ ዘ ካሪቢያን» የተባሉትን የባሕር ወንበዴ ፊልሞች በ2003፣ በ2006 እና በ2007 ሠርተው ለዲዝኒ ከፍተኛ ገንዘብ አስገብተዋል። ሐሳባቸው በጎ፣ ልምዳቸው የተፈተነ፣ ኪሳቸውም ሙሉ ነበር ማለት ነው።

የፊልሙ ታሪክ በአጭሩ እንዲህ ነው። በ1933 በሳን ፍራንሲስኮ አንድ ጭምብል ያጠለቀ ትንሽ ልጅ ወደ ባዛር ድንኳን ይገባል። በድንኳኑ ውስጥ ገለባ ተሞልተው የቆሙ አውሬዎች ይታያሉ፤ በመካከላቸውም አንድ እጅግ ያረጀ የነባር ሕዝቦች ሰው እንደ ዕቃ ቆሟል። ሽማግሌው ድንገት ይንቀሳቀስና ቶንቶ እንደሆነ ተናግሮ የ1869ን ታሪክ ለልጁ ይተርካል። በትረካው ውስጥ ጆን ሪድ የተባለ ወጣት የሕግ ባለሙያ (አርሚ ሐመር የተጫወተው) ወደ ቴክሳስ ይመለሳል፤ ሬንጀር የሆነው ወንድሙ ካቨንዲሽ በተባለ ሽፍታ ይገደላል፤ ጆንም ከሞት አፋፍ ተርፎ ከቶንቶ ጋር ገዳዮቹን ያሳድዳል። ከሽፍታው ጀርባ ኮል የተባለ የባቡር ኩባንያ ሹም አለ። የሁለቱም ዓይን በኮማንቺ ሕዝብ ምድር በሚገኝ የብር ማዕድን ላይ ነው።

የሠራተኞቹ ድካም

ይህ ፊልም ገና ካሜራ ሳይነሣ በነገር ተጀመረ። በኦገስት 2011 ዲዝኒ የወጪውን ግምት አይቶ ሥራውን አስቆመው፤ ግምቱ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። ለሁለት ወር ያህል ክርክር ሆነ። ትዕይንቶች ተቀነሱ፣ ትላልቆቹ ሰዎችም ከክፍያቸው ከፊሉን ለማዘግየት ተስማሙ። በኦክቶበር 2011 ወጪው 215 ሚሊዮን እንዲሆን ተወስኖ ሥራው እንደገና ተፈቀደ። ለዲሴምበር 2012 ታስቦ የነበረው የመውጫ ቀንም ወደ 2013 ተገፋ።

ቀረጻው በ2012 በኒው ሜክሲኮ፣ በአሪዞና፣ በዩታ፣ በኮሎራዶና በካሊፎርኒያ ተካሄደ። ዳይሬክተሩ በኮምፒውተር ከተሠራ ባቡር ይልቅ እውነተኛ ባቡር ፈለገ። ስለዚህ በኒው ሜክሲኮ፣ በአልበከርኪ አቅራቢያ በሚገኘው ሪዮ ፑዌርኮ፣ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ተነጠፈ፤ የዘመኑን መልክ የያዙ ባቡሮችም ተሠሩ። አሸዋ ያዘለ ነፋስ፣ የሰደድ እሳትና የጉድፍ በሽታ ሥራውን አስቸገሩት። ዴፕም ከፈረስ ወድቆ ለጥቂት ተረፈ።

ከሁሉ የከፋው ግን በሴፕቴምበር 2012 የደረሰው ነው። በሎስ አንጀለስ አውራጃ ለውኃ ውስጥ ቀረጻ የሚሆን ገንዳ በማዘጋጀት ላይ የነበረ አንድ ሠራተኛ ሕይወቱ አለፈ። ስለዚህ ፊልም የተጻፉት ብዙዎቹ ጽሑፎች ይህን ሞት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰውት ወደ ዶላሩ ያልፋሉ። እኛ ግን እዚህ ላይ ጥቂት ልንቆም ይገባል። በስክሪን ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሲወድቁ እናያለን፤ ቀረጻው ሲያልቅ ሁሉም ተነሥተው አቧራቸውን ያራግፋሉ። አንዱ ግን አልተነሣም። የሰው መዝናኛ በሰው ላብ የሚሠራ መሆኑን፣ አልፎ አልፎም ከላብ የበለጠ የሚከፈልበት መሆኑን ማሰብ ለተመልካች ግዴታ ነው።

ሒሳቡ

ፊልሙ ሲወጣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት የሳምንት መጨረሻ ቀናት በአሜሪካና በካናዳ ያስገባው 29 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በዚያው ቀን የወጣው «ዲስፒከብል ሚ 2» የተባለ የካርቱን ፊልም ግን በእነዚያው ቀናት ከ80 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ካርቱኑን ለመሥራት የወጣው 76 ሚሊዮን ያህል ሲሆን ይህም ከሎን ሬንጀር ወጪ ሲሦ ያህሉ ነው።

ሎን ሬንጀር በመጨረሻ በመላው ዓለም 260 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰበሰበ። አንባቢ «ታዲያ ከወጪው በለጠ እኮ!» ይል ይሆናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ከቲኬቱ ዋጋ ግማሽ የሚያህለው ለሲኒማ ቤቶች ይቀራል፤ ለማስታወቂያ የሚወጣውም በ215 ሚሊዮኑ ውስጥ አይቆጠርም። በኦገስት 2013 ዲዝኒ ከ160 እስከ 190 ሚሊዮን ዶላር ኪሣራ እንደሚጠብቅ ለባለ አክሲዮኖቹ አስታወቀ።

አዘጋጁና ተዋንያኑ ጥፋቱን በተቺዎች ላይ ጣሉት። ተቺዎቹ ስለ ገንዘቡ ጭቅጭቅ አስቀድመው ሰምተው ፊልሙን ሳያዩት ፈርደውበታል አሉ። በዚህ አባባል ውስጥ እውነት የለም አንልም። ስለ ወጪው ብቻ ተጽፎ ስለ ይዘቱ ምንም ያልተባለባቸው ጽሑፎች ነበሩ። ኪሣራ የመጥፎ ሥራ ማስረጃ አይሆንም፤ ትርፍም የመልካም ሥራ ምስክር አይደለም። ይህ ከሆነ ዘንዳ የገንዘቡን መዝገብ ዘግተን ወደ ፊልሙ እንግባ፤ ፍርዱ የሚገኘው እዚያው ነውና።

ሳቁና ሬሳው

በፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ ሬንጀሮቹ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ተከበው ያልቃሉ። ሽፍታው ካቨንዲሽ የጆንን ወንድም ደረት ከፍቶ ልቡን ይበላል። ካሜራው ሁሉን ፊት ለፊት ባያሳይም ምን እንደተደረገ ግልጽ ነው። ብዙም ሳይቆይ ቶንቶ በሬሳዎቹ መካከል እየዞረ ይቀብራቸዋል፤ ነጩ ፈረስም መጥቶ በጆን ላይ ይቆማል። ቶንቶ ፈረሱን «ይህን ሳይሆን ወንድሙን ምረጥ» እያለ ይለማመጠዋል። ከዚያ ጆንን በቃሬዛ እየጎተተ ሲሄድ ጭንቅላቱን በፈረስ ፋንድያ ላይ ያሳልፈዋል። ተመልካቹ እንዲስቅ ነው። ልቡ የተበላው ሰው አፈር ገና አልደረቀም!

ይህ የመጀመሪያው ምሳሌ ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። በፊልሙ ወገብ ላይ የኮማንቺ ተዋጊዎች እንደሚሞቱ እያወቁ በማዕድኑ ሥፍራ በሠፈረው የጦር ሠራዊት ላይ ይዘምታሉ። ሠራዊቱ ጋትሊንግ በተባለው ተኩሱ በማያቋርጥ መሣሪያ ያጭዳቸዋል። አለቃቸው ቢግ ቤርም ይወድቃል፤ እርሱን የተጫወተው ሳጊኖ ግራንት የነባር ሕዝቦች ተወላጅ የሆነ አንጋፋ ተዋናይ ነበር። ይህ አንድ ሕዝብ ሲጠፋ የሚያሳይ ትዕይንት ነው። ከዚያስ? ብዙም ሳይቆይ ነጩ ፈረስ ባርኔጣ አድርጎ ዛፍ ላይ ቆሞ ይታያል፤ ቶንቶም በፈረሱ ይገረማል። እንደገና ሳቅ!

አበው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ። ይህ ፊልም ግን ፈረሱን ዛፍ ላይ ሲያወጣ ራሱም ሁለት ዛፍ ለመውጣት ሞክሯል። በአንድ እግሩ በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ላይ ስለተፈጸመው ግፍ ማልቀስ ይፈልጋል። በሌላው እግሩ ልጆችን ማሳቅና መጫወቻ መሸጥ ይፈልጋል። ሁለቱም በየቦታቸው ቢሆኑ ነውር የለባቸውም። አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ ግን ሳቁ ለቅሶውን ይበላዋል። ተመልካቹ ሬሳ ባየ በደቂቃዎች ውስጥ ካልሳቀ ፊልሙ እንደማያምረው ይነገረዋል፤ ከሳቀ ደግሞ ሬሳውን መርሳት አለበት። በመካከል የቆመ ልጅ የትኛውን እንዲመርጥ እንጠብቃለን? ልጅ ሁልጊዜ ሳቁን ይመርጣል።

«በባሕር ወንበዴዎቹ ፊልምስ ሞትና ቀልድ አልተደባለቁም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እዚያም አጽም ይራመዳል፣ ሰው ይሰቀላል፣ ተመልካች ይስቃል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የእነዚያ አጽሞች ዘመዶች የሉም። የተረገመ መርከብ፣ የሙታን ወርቅ የሚባለው ሁሉ ተረት ነው፤ በተረት መቃብር ላይ ቢጨፈር የሚያዝን የለም። የኮማንቺ ሕዝብ ግን ተረት አይደለም። ዛሬም በኦክላሆማ ግዛት፣ በሎተን ከተማ አቅራቢያ የራሱ አስተዳደር ያለው ሕያው ሕዝብ ነው። የሞቱት አያቶቹ ናቸው። ሠሪዎቹ በተረቱ ያተረፈላቸውን ዘዴ ሳይለውጡ ወደ እውነተኛ መቃብር አመጡት። የፊልሙ ውድቀት ሥሩ ይህ ይመስለናል።

እዚህ ላይ ወደ ገንዘቡ ጭቅጭቅ አንድ ጊዜ መለስ ብንል አይከፋም። በ2011 ሥራው ሲቆም የተጠየቀው «ስንት ሚሊዮን?» የሚል ነበር፤ መልሱም ትዕይንት መቀነስ ሆነ። ከሳቁና ከሬሳው ጉርብትና የተነሣው ችግር ግን በመቀነስ የሚድን አልነበረም። በ100 ሚሊዮን ቢሠራም ያው ፈረስ ከዚያው እልቂት በኋላ ዛፍ ላይ ይወጣ ነበር። መቋሚያው ሳይስተካከል ድምፁን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ንባቡን አያቃናውም።

በደሉን የሠራው ማን ነው?

ሁለተኛው ነቀፌታችን ስለ እውነቱ ነው። በፊልሙ ውስጥ ቶንቶ ለምን እንግዳ ጠባይ እንዳለው፣ የሞተ ቁራ በራሱ ላይ አድርጎ ለምን እህል እንደሚያጎርሰው አንድ ሽማግሌ ያብራራል። ቶንቶ ልጅ ሳለ ሁለት ነጭ መንገደኞች ብሩ የት እንዳለ እንዲያሳያቸው ርካሽ የኪስ ሰዓት ሰጡት። አሳያቸው። እነርሱም ምሥጢሩ እንዳይወጣ መንደሩን በሙሉ ፈጁት። ቶንቶ ከዚያ ቀን ጀምሮ በጸጸት አእምሮው ተነካ። «አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው» እንዲሉ፣ የሕፃንን የዋህነት አይተው ምድሩን ቀሙት። ይህ የፊልሙ ምርጥ ሐሳብ ነው። ሰዓትና ምድር፣ የሚያብለጨልጭ ትንሽ ነገርና የማይተካ ትልቅ ነገር! በአግባቡ ቢያዝ ኖሮ ለልጆች የሚተርፍ ትምህርት ነበር።

ይሁንና ፊልሙ በዚህ መንገድ ሲሄድ በደሉን ያሳንሰዋል። ጥፋቱ የሁለት ክፉ ሰዎች ሥራ ሆነ፤ እነርሱ ሲሞቱ ሒሳቡ ተዘጋ። የጸጸቱ ሸክም ደግሞ ሰዓት በተቀበለው ሕፃን ላይ ቀረ። እውነተኛው ታሪክ ግን እንዲህ አልነበረም። በ1867 የአሜሪካ መንግሥት ሜዲስን ሎጅ በተባለ የካንሳስ ሥፍራ ከኮማንቺና ከሌሎች ሕዝቦች ጋር ውል ተፈራርሞ በተከለለ መሬት እንዲወሰኑ አደረገ። ነጮች አዳኞች ኮማንቺዎች የሚኖሩበትን ጎሽ በ1870ዎቹ ፈጁት። በሴፕቴምበር 1874 በቴክሳስ ፓሎ ዱሮ ሸለቆ የመንግሥት ጦር ከኮማንቺና ከጎረቤቶቻቸው ከማረካቸው ፈረሶች መካከል ከ1,000 በላይ የሚሆኑትን በጥይት ገደለ፤ ፈረስ የሌለው ኮማንቺ ሊዋጋም ሊያድንም እንደማይችል ያውቅ ነበርና። በ1875 ኳና ፓርከር የተባለው መሪያቸው ከተከታዮቹ ጋር በፎርት ሲል እጁን ሰጠ። ይህን ያደረጉት ሁለት ሽፍቶች አይደሉም። ውል፣ ሕግ፣ ሠራዊትና ገበያ ናቸው። ስለ ፈረስ ይህን ያህል የሚቀልድ ፊልም፣ በታሪኩ ውስጥ ስለ ፈረስ የሚነገረው ይህ መሆኑን አንድ ጊዜም አያነሣም።

የቦታውም ነገር እንዲሁ ነው። ፊልሙ «ቴክሳስ» እያለ የሚያሳየን ቀይ የድንጋይ ዓምዶች ያሉበት ሞኑመንት ቫሊ የሚገኘው በአሪዞናና በዩታ ወሰን ሲሆን ዛሬም የናቫሆ ሕዝብ ምድር ነው። ምሥራቁንና ምዕራቡን ያገናኘው ሐዲድ በሜይ 10 ቀን 1869 የተገጠመው ደግሞ ከቴክሳስ ርቆ፣ በዩታ ፕሮሞንቶሪ ሰሚት በተባለ ሥፍራ ነው። ተረት ቦታ ቢያዛውር አይፈረድበትም ይባል ይሆናል። ሆኖም የተገፉ ሰዎችን ታሪክ እናቃናለን ብሎ የተነሣ ሥራ የማን ምድር የት እንዳለ እንኳ ካልለየ ማቃናቱ ከአፍ አያልፍም።

ለፊልሙ የሚከራከሩ ምን ይላሉ?

ፍርድ ሚዛን እንዲኖረው የሌላውንም ወገን መስማት ያስፈልጋል። ሠሪዎቹ የኮማንቺ አማካሪዎችን ይዘው ሠርተዋል። ላዶና ሃሪስ የተባሉት የታወቁ የኮማንቺ ተሟጋች በ2012 ዴፕን በባህላቸው መሠረት እንደ ልጅ ተቀብለውታል። ከነባር ሕዝቦች መካከል በዚህ የተደሰቱ እንዳሉ ሁሉ ሚናው ለእነርሱ ተወላጅ ሊሰጥ ይገባ ነበር ብለው የተቃወሙም ብዙ ናቸው። የሲልቨርሂልስን ድካም ያስታወሰ ሰው የተቃዋሚዎቹን ቅሬታ በቀላሉ አይገፋውም። ከ60 ዓመት በፊት የሞሆክ ተወላጅ የነበረው ቦታ በ2013 ከሆሊውድ ታላላቅ ከዋክብት ለአንዱ መሰጠቱ ወደፊት መራመድ ነው ለማለት ያስቸግራል።

በሙያ በኩል ግን ፊልሙ የሚመሰገንበት አለው። በመጨረሻ ያለው የሁለት ባቡሮች ሩጫ በእውነት የሚደነቅ ነው። ጣሊያናዊው ሮሲኒ በ1829 ለ«ዊሊያም ቴል» ኦፔራ የደረሰውና የሬዲዮው ሎን ሬንጀር መለያ የነበረው ሙዚቃ በሐንስ ዚመር ተስፋፍቶ ከባቡሮቹ ጋር ይገሠግሣል። እውነተኛ ሐዲድ መነጠፉ እዚህ ላይ ይታያል፤ ብረቱ ክብደት አለው፣ አቧራውም አቧራ ነው። ፊልሙ በመልክ ቅብና በልዩ የምስል ውጤቶች ለ2 የኦስካር ሽልማቶች ታጭቶ ነበር። ዳይሬክተሩ ኩዌንቲን ታራንቲኖም በ2013 ከወደዷቸው 10 ፊልሞች ውስጥ ቆጥሮታል። ስለዚህ ይህ የሰነፎች ሥራ አይደለም። የሚያሳዝነውም ይኸው ነው። ሰነፍ ቢያበላሽ አያስገርምም፤ ብርቱ ሰው ደክሞ ሲያበላሽ ግን ከድካሙ በፊት ያልተጠየቀ ጥያቄ ነበር ማለት ነው። «ሐዲዱ ስንት ኪሎ ሜትር ይሁን?» ተብሎ ተጠይቋል። «ከዚህ እልቂት በኋላ ማነው የሚስቀው?» ተብሎ ግን የተጠየቀ አይመስልም።

ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

ይህ ፊልም በአሜሪካ የተሰጠው ደረጃ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጅ አጥብቆ እንዲጠነቀቅ የሚያሳስብ ነው። የልብ መብላቱና የሴተኛ አዳሪዎች ቤት ትዕይንት ብቻ ለትንንሽ ልጆች እንደማይሆን ለመወሰን ይበቃሉ። ለታዳጊዎች ግን «አትዩ» ብሎ መዝጋት ብቻውን ሥራ አይሠራም፤ እኛ ዘንድ ያላዩትን ጎረቤት ቤት ያዩታልና። አብሮ ተቀምጦ ማየትና መጠየቅ ይሻላል።

ጥያቄዎቹም ከባድ አይደሉም። «እዚህ ላይ ስንስቅ ከደቂቃዎች በፊት ምን አይተን ነበር?» ብለን እንጠይቃቸው። «የሞቱት ሰዎች ስም ተነግሯል ወይ? ከመካከላቸው የስንቱን ስም ታስታውሳላችሁ?» እንበላቸው። «በዚህ ታሪክ የሚሳቅበት ማነው? እርሱ ተመልካች ሆኖ አጠገባችን ቢቀመጥ አብሮን ይስቅ ነበር?» እንበላቸው። ልጆች እንዲህ ሲጠየቁ ፊት ያለፈውን ማስታወስ ይጀምራሉ። ማንም ሳይከለክላቸው ሳቃቸው ቦታውን ይለያል። ይህ ጠባይ ለዚህ ፊልም ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በትምህርት ቤት በደካማ ልጅ ሲቀለድ፣ በሠፈር በድሀ ሲሳቅ፣ ሳቁን ከመቀላቀል በፊት ዞር ብሎ የሚያይ ልጅ ከዚህ ይወጣል።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንጨምር። ፊልሙ ሲያልቅ ሽማግሌው ቶንቶ የብር ጥይቱን ለልጁ ይተውለታል። ከዚያም የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር መውረድ ሲጀምር፣ ሽማግሌው ሱፍ ልብስ ለብሶ፣ ሻንጣውን ይዞ በበረሃው ውስጥ ቀስ እያለ ብቻውን ሲሄድ ይታያል። ቀልድ የለም፤ ባቡር የለም። ደቂቃዎች ያልፋሉ፣ ሽማግሌው እየራቀ፣ እያነሰ ይሄዳል። በዚህ ፊልም ውስጥ ሐዘን ቦታዋን ያገኘችው እዚህ ብቻ ነው። ነገር ግን የስም ዝርዝር ሲወርድ የሲኒማ መብራት ይበራል፤ ቤት ውስጥም አንዱ ተነሥቶ ጣቢያውን ይቀይራል። ያን ጊዜ መብራቱን ትታችሁ፣ ልጆቹንም አስቀምጣችሁ፣ የሽማግሌውን መንገድ እስከ መጨረሻው አብራችሁ እዩት።